ስለ መስመሬ ከዚህ በላይ እንዳይደክሙልኝ

ለተከበሩ የኢንተርኔት አገልግሎት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣
በያሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን ወረቀት በቅርንጫፍዎ የመስታወት በር ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ፤ ስልክ መደወሉን ለምን እንደተውኩ ከታች ይረዱታል።

እኔ አናጢ ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ባለቤቴን ቀብሬ ከአንዲት ልጄ ጋር እኖራለሁ። ልጄ ጭንቅላቷ ውስጥ እብጠት ተገኝቶባታል። የከተማችን ሆስፒታል ምስሉን አንስቶ በፍላሽ ሰጠንና «ከዚህ በላይ የእኛ አቅም አይደለም» ብሎ አሰናበተን። እጁ የተመሰከረለት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ያለው ከተራራው ማዶ ነው፤ መንገዱን ደግሞ ጎርፍ ቆርጦታል። ሐኪሙ፣ እግዜር ይስጠው፣ «መንገዱ እስኪጠገን ምስሉን በኢንተርኔት ላኩልኝ፤ እስከ አርብ ካየሁት አልጋ እይዝላታለሁ፤ ካላየሁት ተራው ለሌላ ታማሚ ያልፋል» አለን። በስልክ የተነሳ ፎቶ አይበቃውም፤ ከፋፍለን እንዳንልክም የእሱ መቀበያ አንድ ላይ ካልሆነ አይቀበልም።

ፋይሉ ትልቅ ነው። ሲላክ ይውልና መሐል ላይ ቀጥ ይላል፤ መስመሩ አንዴ ከተቋረጠ ደግሞ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ይጀምራል። በዚህ ጭንቄ ወቅት መሥሪያ ቤትዎ ያልዋለልኝ ውለታ ስለሌለ፣ አንድ በአንድ ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

፩ኛ. የመስመሩን ሳጥን አጥፍቼ እንዳበራ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። አጥፍቼ አበራሁ። ቀጥሎ «ከፍ ያለ ቦታ ያድርጉት» ስለተባልኩ፣ ለደንበኛ ያስቀመጥኩትን ጣውላ ልጌ፣ ለዓይን የሚያሳሳ መደርደሪያ ሠርቼ ከጣሪያው ሥር ሰቀልኩልዎ። ዛሬ በቤቴ ከሟች ባለቤቴ ፎቶ በላይ የተቀመጠ ነገር ቢኖር የእርስዎ ሳጥን ብቻ ነው። እሷ በሕይወት ብትኖር ሳጥኑንም እኔንም አውርዳ ታስቀምጠን ነበር።

፪ኛ. በቤቱ ውስጥ ሌላ ተጠቃሚ እንዳይኖር ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ልጄን የምታስታምምልኝን የባለቤቴን እህት ስልኳን አስጠፋኋት፤ እሷም «አንተ ሰውዬ፣ ነገ ደግሞ ትንፋሻችሁንም አጥፉ ይሉሃል፤ እሺ እንዳትል!» ብላ ገሠጸችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ቢሉኝ እሺ የምል ነበርኩ።

፫ኛ. ባለሙያ እስከ ቤቴ ድረስ ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ባለሙያው ገና ከመግባቱ በስልኩ የኳስ ጨዋታ ከፍቶ «ይኸው አባቴ፣ እንደ ውሃ ይወርዳል እኮ!» አለኝ። መውረዱንማ በዓይኔ አየሁ፤ ግብም ገባ። የእኔ ጉዳይ ግን ከዚህ ቤት የሚወጣ እንጂ ወደዚህ ቤት የሚገባ አለመሆኑን ለማስረዳት አፌን ስከፍት፣ እሱ «ተፈትቷል» ብሎ ጽፎ ጫማውን እያሰረ ነበር። የተፈታው ምን እንደሆነ እስካሁን እያሰላሰልኩ ነው። በዚህ መሐል፣ ፋይሉ ከመቶ ስንት እንደደረሰ ሳወራ የሰማ የሰፈሩ ሰው ስሜን ለውጦ «ጋሼ መቶ፣ ዛሬስ ስንት ገባ?» እያለ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ እኔም ቀልዱን ስለማልችልበት ቆቤን አንሥቼ አልፋለሁ።

፬ኛ. ይህኛው ምስጋና ከሁሉ ይበልጣል። ፋይሉ ቆመ ባልኩ ቁጥር ወደ እናንተ እደውል ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛዎ፣ ድምፅዋ ለልቅሶ ቤት እንኳ የሚሆን ትሑት ልጅ፣ እንድጽናና ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «አባባ፣ አይዞዎት! እርስዎ በደወሉ ቁጥር እኮ ገና ሳናነጋግርዎት መስመርዎን ቆርጠን እንደ አዲስ እናስነሣልዎታለን። ቅሬታ ሲመዘገብ መጀመሪያ የምናደርገው እሱን ነው፤ አንድም ቀን ረስተንዎት አናውቅም።»

ክቡር ሆይ፣ ለካ ፋይሉ ቆመ ያልኩት እያዘገመ ነበር። እያዘገመ ጫፍ የደረሰውን በገዛ ጩኸቴ እየጠራሁ ከዜሮ ያስጀመርኩት እኔው ነኝ። ተንበርክኬ ራሴን መረመርኩ፤ ለሰው እንዲህ ትዕግሥት ያጣሁ ፈጣሪንስ ስንት ጊዜ ሊደርስልኝ ሲል አቋርጬው ይሆን አልኩ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ የዘራኸውን በማግሥቱ ቆፍረህ ታያለህ» ትለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ። ልጄ አልጋዋ ላይ፣ አክስቷ በሩ ሥር፣ እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ሆነን ማንኪያ እንኳ ሳናንኳኳ ተቀመጥን። ሰማንያን አለፈ። ዘጠናን አለፈ። ከንፈሬ እየጸለየ፣ ዓይኔ ቁጥሩን እየገፋ፣ ጥቂት ብቻ ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። ከእርስዎ ቢሮ ነበር። «ውድ ደንበኛችን፣ ሰሞኑን ድምፅዎ ስለጠፋብን አሳስቦን ነው፤ ለጥንቃቄ ብለን መስመርዎን አሁን አድሰንልዎታል» ተባልኩ። ቀና ብዬ ሳይ፣ ዜሮ። እንዲህ ያለ አሳቢነት ከሥጋ ዘመዴም አላገኘሁ።

ይህ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ምስጋና የሆነበት ምክንያት እንግዲህ ይኸው ነው። ቅሬታ ብለው ቢመዘግቡት መስመሬ ይቆረጣል። ስለዚህ ጸሐፊዎ ምስጋና በሚባለው መዝገብ ውስጥ እንዲያስገቡት፣ ምስጋና የሚባል መዝገብ ከሌለም አጣጥፈው የሚወዛወዝ ጠረጴዛ እግር ሥር እንዲያደርጉት እለምናለሁ። ለጠረጴዛው እኔ ራሴ በነጻ እመጣለሁ።

ነገ አርብ ነው። ፋይሉ ዛሬም እንደገና መንገድ ጀምሯል። ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምንም አያድርጉልኝ። አያድሱልኝ፤ አይመርምሩልኝ፤ አያስቡልኝ።

ልጄ ዓይኗ ከደበዘዘባት ወዲህ ቁጥሩን ማየት አትችልም። «አባዬ፣ ስንት ደረሰ?» ትለኛለች፤ እኔም ካለው ላይ እየጨመርኩ እነግራታለሁ። ዛሬ ጠዋት ሰባ አልኳት፤ አሥራ ሁለት ነበር። ፊቷ ፈካ። ውሸት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ንስሐም እገባበታለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ፊት ላይ አሥራ ሁለት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣ አለ።

ዕድሜና ሹመት ይጨምርልዎ፤ ከቤትዎ የሚወጣው ሁሉ በሰላም ይድረስልዎ።

ጉልበትዎን ስሜ፣ እጅዎን ግን ከመስመሬ ላይ እንዲያነሡልኝ የምማጸን፣
የዘወትር ደንበኛዎና ውለታዎ ያለበት፣
አናጢው

ማሳሰቢያ፦ ይህን ሁሉ አንብበው «መመሪያው ግድ ይለናል» የሚሉ ከሆነ፣ መስመሩን ከመንካትዎ በፊት ለልጄ ይደውሉላት። ደንበኛ ማነጋገር እናንተ ትችሉበታላችሁ። ስንት ደረሰ ብላ ትጠይቅዎታለች፤ እውነተኛውን ቁጥር እርስዎ ይንገሯት።