አልቃሻውን ላኩልኝ ላልከው

ይድረስ ለወንድሜ ለምሳው ብዙነህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ደረትህን የሚይዝህ ሳል ለቀቀህ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ አንተ ግን ልትጨርሰን ነበር። ተናድጃለሁና ሰላምታውን አሳጥራለሁ።

በነጋዴው በአብዱልቃድር የላክኸው ቃል ሲደርስ እኔ አምደወርቅ ሠርግ ላይ ጊታር ልጫወት ሄጄ ነበር። የአባታችንን የጊታር ፔዳል «አልቃሻው» የምንለው እኔና አንተ ነን፤ እሱ በምን ይወቀው? ለእናታችን «ምሳው አልቃሽ ቶሎ ላኩልኝ ብሏል» ብሏት ሄደ። መርዶ ተለባብሶ እንደሚነገር ታውቃለህ። የሞትከው አንተ ነህ ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ስመለስ ደጃችን ለቀስተኛ ሞልቶ አገኘሁ፤ እኔም ደረቴን ደቃሁልህ። አብዱልቃድር ራሱ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ የሞተው አንተ መሆንህን ሲሰማ ክው አለ። «እኔ በደኅና ነው የተለየሁት፤ አሮጌውን አልቃሽ ፈረንጅ ይፈልገዋል ነው ያለኝ» አለ። ያኔ ገባኝ።

አባታችን ያን ፔዳል አስመራ ላይ ከአሜሪካዊ ወታደር እንዳገኘው፣ ከኪነት ቡድኑ ጋር አገር ላገር ይዞት እንደዞረ፣ በጦርነቱ ጊዜ ጎተራ ውስጥ እህል ሥር እንደደበቀው ታውቃለህ። በእግር ጫን ለቀቅ ሲያደርጉት ጊታሩ ሆድ እንደባሰው ሰው ያለቅሳል። አንተ ግን «ቁርጥራጭ ብረት» እያልክ ስትስቅበት ኖርክ፤ ሃያ ድምፅ አለው ብለህ አዲስ የፔዳል ሣጥን አመጣህልኝ። ሃያውም ጥርት ያለ ነው፤ አንዱም ሆድ አያባባም። አሮጌው አቧራ ሲገባው ይንኮሻኮሻል፤ የዚህ የኛ አገር ዝቋላ ሰው ግን ያን ኮሽታ ሲሰማ ነው ለጭፈራ የሚነሣው። አሁን አሮጌ ፔዳል የሚሰበስብ ፈረንጅ ሲያደንቀው ነው የአባትህ ቅርስ የታየህ? የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

በሕይወት መኖርህን ስነግራት እናታችን መሬት ስማ ተነሣች። ከዚያ አልቃሽ ያልከው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና በነጠላዋ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። «ከፈለገው ራሱ መጥቶ ይውሰድ። እኔ ለሱ አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለች። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። እኔም ጾም እስኪገባ የቀሩኝን ሠርጎች ባንተ ሃያ ድምፅ ልጫወት ነው፤ ደስ ይበልህ።

ባለቤቴ ማሬ ሰላም ብላሃለች፤ እሷም አልቅሳልሃለች። ልጆቹ እጅ ነሥተዋል። አብዱልቃድር አፍሮ በደጃችን ማለፍ ትቷል፤ እሱን አንተው ካሰው። እናታችን ሰላም በለው አላለችኝም። መቼ ነው የሚመጣው ብቻ ነው ያለችኝ።

ወንድምህ ጌታሰው ብዙነህ
ሰቆጣ፣ ጥር 27 ቀን 1995 ዓ.ም.