ቸኮለን ቤጂንግ አገኘኋቸው

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ገብረመድኅን፤

አባዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ? ባለፈው ደብዳቤዎ ቀኝ እግርዎ ቁልቁለት ላይ እምቢ እንዳለዎ ጽፈውልኝ ነበርና ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ እሱው ላይ ነው። እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗን ታየች ወይስ አሁንም ነገ ነገ እያለች ነው? የነፋስ መውጫ ውርጭ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እኔም፣ ባለቤቴ ኃይለ ማርያምም፣ የልጅ ልጅዎ ፊልሞንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ኃይለ ማርያም ታክሲውን እንደያዘ ነው። ፊልሞን አንደኛ ክፍል ገብቷል። «አያቴ፣ መቼ ትመጣለህ? ብለሽ ጻፊልኝ» ብሎኛል፤ አንቱታውን ገና አልለመደምና ይቅር ይበሉት።

ዛሬ የምጽፍልዎ ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነው። ያሰብኩት ተሳክቶልኝ ቻይና ሄጄ ተመለስኩ። እንደሚያውቁት ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ የአውሮፕላን ጽዳት ከያዝኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። የአየር መንገዱ ሠራተኛ በዕረፍቱ ጊዜ ወንበር ከተረፈ በትንሽ ክፍያ መብረር ይችላል፤ ስታንድባይ ይሉታል። ስንት አገር ደርሶ የመጣን አውሮፕላን ስጠርግ ኖሬ፣ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሩቅ አገር ሄጄ አላውቅም ነበር። ኃይለ ማርያም «ሰው ለቫኬሽን ፍሎሪዳ ይሄዳል፤ አንቺ ቻይና ምን ረስተሻል?» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። እኔ ግን በልጅነቴ ተራራችንን ሲቆርጡ ያየኋቸው ሰዎች አገራቸው ምን እንደሚመስል ሳላይ መሞት አልፈለግሁም።

እርስዎም ይህንኑ ብጽፍልዎ ያንን ፎቶግራፍ ላኩልኝ፤ የወረታን መንገድ ከቀየሱት ከሚስተር ቼን ጋር የተነሡትን፣ ሲሮጡ እንጂ ሲራመዱ ስለማይታዩ ሠራተኛው ሁሉ ቸኮለ ብሎ ከሰየማቸው ሰውዬ ጋር። «ካገኘሽው ሰላም በይልኝ» ብለው ሲጽፉልኝ፣ እውነቱን ልንገርዎትና፣ ሳቅሁ። ቻይና ውስጥ ቼን የሚባለው ሰው ስንት እንደሆነ ማን ይቆጥረዋል?

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከዳላስ ቶኪዮ፣ ከቶኪዮ ቤጂንግ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት የሆቴሉን መጋረጃ ስከፍት ከታች ድምፅ የሌለው ሰልፍ የሚያልፍ መሰለኝ። ለካ ብስክሌት ነው። አንዱ ፍሪጅ ጭኗል፣ አንዷ ልጇን ከኋላዋ አስቀምጣለች፣ ሌላው ደግሞ ቆሞ የቀረ ብስክሌት በሌላ ብስክሌት ይጎትታል፤ ሁሉም ሳይነካኩ ያልፋሉ። እኛ በምንኖርበት በሜስኪት ሰው ወተት ለመግዛት እንኳ መኪና ያስነሣል፤ በእግሩ የሚሄድ ከታየ መኪናው ተበላሽቶበት ነው ተብሎ ይታዘንለታል። እዚያ ሰውን በቁመቱ አየሁት። በየመንገዱ ዳር ደግሞ ጥቅል ጎመን እንደ ግንብ ተከምሯል፤ የክረምት ስንቃቸው ነው። ሽማግሌው፣ ወይዘሮው፣ መኮንኑ ሳይቀር ጎመን ታቅፎ ይሄዳል።

ሰው ሁሉ ያየኛል አባዬ፤ ግን ክፉ ዓይን አይደለም። ገበያ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሹሩባዬን ዳሰሱና ሳቁ፤ ከዚያ ኮቴን በጣታቸው ለክተው ስስነቱን ሲያዩ ተቆጡኝ። ቁጣቸው በቻይንኛ ቢሆንም እማዬ እንደምትቆጣው ስለሆነ ሁሉም ገባኝ። እስከ አንገቴ ቆልፈውልኝ፣ ትኩስ የተጠበሰ ስኳር ድንች እጄ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ሆቴሉ ሊን የምትባል አስጎብኚ ሰጠኝ፤ እንግሊዝኛ የተማረች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ልጅ። የነገሥታቱን ቤተ መንግሥት ያሳየችኝ እሷ ናት። አንዱን ግቢ ጨረስኩ ስል ሌላ በር ይከፈታል፣ እሱን ስጨርስ ሌላ። ጣሪያው ሁሉ የደረሰ ገብስ የመሰለ ቢጫ ነው። ከዚያም ታላቁን ግንብ ወጣሁ። ሌላው ጎብኚ ፎቶ ሲነሣ እኔ ጎንበስ ብዬ የማየው የዝናብ ውኃ ማፍሰሻውን ነበር። በየጥቂት እርምጃው ከድንጋይ የተፈለፈለ ቦይ አለው፤ ውኃው ከግንቡ ርቆ እንዲወድቅ አፉን አስረዝመውታል። «መንገድ የሚገድለው መኪና አይደለም፣ ውኃ ነው» የሚሉት ትዝ አለኝና ሊንን ጠርቼ አሳየኋት። እሷም ስንት ጊዜ ስትመላለስ አይታው እንደማታውቅ ነገረችኝ። እርስዎ ቢያዩት ኖሮ በእጅዎ ዳሰው ዳሰው አይጠግቡትም ነበር።

ዓርብ ዕለት ነው ነገሩ የተጀመረው። ሻይ ስንጠጣ ለጨዋታ ያህል ፎቶግራፉን አሳየኋት። ገልብጣ ጀርባው ላይ ያለውን የቻይንኛ ጽሑፍ አነበበችና «ይህ እኮ አድራሻ ነው» አለችኝ። እኛ ቤት ያን ጽሑፍ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ምርቃት ነው እያልን መኖራችንን ስነግራት አፏን ይዛ ሳቀች። ሒሳብ ከፍላ ብድግ አለች፤ ቢጫ ታክሲ ይዘን ሄድን።

የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ግቢ ነው። ዘበኛው ሚስተር ቼን ጡረታ እንደወጡ፣ ግን እዚያው ግቢ ከኋላ ባለው የሠራተኞች ቤት አምስተኛ ፎቅ እንደሚኖሩ ነገረን። ሊፍት የለውም፤ ደረጃውም ጎመን ተደርድሮበታል። ሊን አንኳኳች። ሹራብ የደረቡ አጭር ሽማግሌ ከፈቱ። ፎቶግራፉን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አስጠግተው አዩት፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ በአማርኛ፣ አባዬ በአማርኛ፣ «ጋቡ?» አሉ።

ገብረመድኅን ማለት አቅቷቸው ጋቡ እንደሚሉዎት ነግረውን ነበር።

«ጋቡ አለ? ጋቡ ደህና?» አሉኝ። «አሉ፣ ደህና ናቸው፤ እኔ ልጃቸው ነኝ» አልኩ። ደረታቸውን በመዳፋቸው መትተው «ቸኮለ! እኔ ቸኮለ!» ብለው ሲጮኹ የጎረቤት በር ተከፈተ። እጄን ይዘው «ግባ! ግባ! ቶሎ!» አሉኝ። እንደ ወንድ ነው የሚያናግሩኝ፤ የመንገድ ሥራ ካምፕ አማርኛ ሴት አያውቅማ።

ባለቤታቸው ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ምግብ ሲያቀርቡ እኔ አፌን ሳልከፍት ሚስተር ቼን ተነሥተው የሥጋውን ሳህን ወሰዱና «ዓርብ! ጾም!» አሉ። ጎመንና አኩሪ አተር በላሁ። ከዚያ በሊን አስተርጓሚነት ስለ እርስዎ ሲያወሩ አመሹ። በዚያ ዘመን የመቀየሻው መነጽር ሰውን ገልብጦ ነበር አሉ የሚያሳየው፤ «አባትሽ ቀይና ነጩን ዘንግ ይዞ ይቆማል፤ እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በጭንቅላቱ ቆሞ ነው ያየሁት። አንድ ቀን ግን ዘንጉን አጣሞ አያውቅም» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ይህን ስንጫወት ባለቤታቸው ፎቶግራፉን አንሥተው ጣታቸውን ከእርስዎና ከሚስተር ቼን መሐል ቆሞ የሚስቀው ሰው ላይ አኖሩ፤ ከዚያ አላነሡትም። ሳህን ለማጠብ ወደ ጓዳ ሲገቡም ይዘውት ገቡ። ሚስተር ቼን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን። ሰውየው ሊው ነው፣ የቡልዶዘሩ ሾፌር፣ ከጨጨሆ በታች ናዳ የወደቀበት። ለካ የሴትዮዋ ወንድም ኖሯል። «ና፣ አገር ታያለህ ብዬ ያግባባሁት እኔ ነኝ። ስመለስ ብቻዬን ተመለስኩ። ሚስቴ አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ አንድ ቀንም ስለ እሱ ጠይቃኝ አታውቅም» አሉ። ለእርስዎም ያልጻፉት እስክሪብቶ ባነሡ ቁጥር ያ ቀን ፊታቸው ስለሚደቀን መሆኑን እንድነግርዎ ለምነውኛል።

እኔ ያን ቀን አስታውሳለሁ። አሥር ዓመቴ ነበር። እርስዎ ልብስዎ ሁሉ አፈር ሆኖ ገብተው፣ እማዬ እራት ብታቀርብ ሳይነኩ ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ሴትዮዋ ከጓዳ ሲመለሱ ይህንኑ ነገርኳቸው። ሊን ተረጎመችላቸው። ሴትዮዋ ቀጥ ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

ልሄድ ስነሣ ፎቶግራፉን መለሱልኝ። አልተቀበልኩም። አባዬ፣ ሳላስፈቅድዎ የእርስዎን ንብረት ሰጥቻለሁና ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎም ቢሆኑ ይህንኑ እንደሚያደርጉ አምኜ ነው። በር ላይ ስንደርስ ሴትዮዋ ክንዴን ያዙኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁኝ። ባላቸው ዞር አሉ። ሊን ተረጎመችልኝ፦ «ከተቀበረበት ቦታ መንገዱ ይታያል ወይ?» ነው ያሉት።

አላወቅሁም። መዋሸት በአፌ መጣ፤ ግን ዓይናቸውን አይቼ ተውኩት። አባቴን እጠይቃለሁ አልኳቸው።

ስለዚህ እግርዎ ከፈቀደ፣ ካልፈቀደም በበቅሎ፣ ሊው ወደተቀበረበት፣ ከካምፑ በላይ ወዳለው ጉብታ ይውጡልኝ። ድንጋዩ ወድቆ ከሆነ ያቁሙት። ወንድሜ መንገሻ ከደብረ ታቦር ፎቶ አንሺ ይዞ ይምጣ። ቁጥቋጦ ሸፍኖትም ቢሆን፣ መንገዱ ባይታይም፣ እንዳለ ይጻፉልኝ፤ ማሳመር አያስፈልግም።

እማዬን ዓይኗን እንድትታይ ዓለምጌጥ በእግዜር ስም ለምናለች ይበሉልኝ። መንገሻን ከነባለቤቱ፣ እቴ ሰብለወርቅን ከነልጆቿ፣ ጎረቤታችን እሜቴ ዕፀገነትን አንድ በአንድ ሳሙልኝ። ኃይለ ማርያም ጉልበትዎን ይስማል። ከፖስታው ውስጥ የግንቡን ቦይ ፎቶ አድርጌያለሁ። ሊን አድራሻዋን ሰጥታኛለች፤ ለሴትዮዋ የምጽፈውን እሷ ታነብላቸዋለች። ወረቀቱን ገዝቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ እስካሁን ያለበት ስማቸው ብቻ ነው።

ልጅዎ ዓለምጌጥ ገብረመድኅን

ሜስኪት፣ ቴክሳስ
ኅዳር 20 ቀን 1990 ዓ.ም.