ጉበር የማን ቃል ነው?

ሰኞ፣ ጁን 2 ቀን 2014

የማታ የእንግሊዝኛ ትምህርቱን ጨረስኩ። ሰርተፊኬቴን ፍሬም አስደርጌ ሳሎን ሰቀልኩት። የሚገባ እንግዳ ሁሉ እሱን እያየ ይቀመጣል... ሆን ብዬ ነዋ!

ዛሬ ታከር ከተማ፣ የምሠራበት ዌርሃውስ፣ ብሬክ ላይ ጥቁር አሜሪካዊቷ ባልደረባችን ሚስ አርሊን የተቀቀለ ኦቾሎኒ አመጡልን። ኦቾሎኒ ይቀቀላል እንዴ? "ጉበር ነው፣ ብላ" አሉኝ። ጉበር? ክላስ ውስጥ ፒነት ነበር ያሉን። እሳቸው የሳውዝ ጆርጂያ ሰው ናቸው፤ የሱፐርማርኬት ጋሪንም "ባጊ" ነው የሚሉት። "ጉበር የአያቴ ቃል ነው። ከየት እንዳመጣችው እንጃ።"

ቃል ሁሉ የኛ ነው የማለት ልማዴ አላስቻለኝም። "ከግዕዝ ነው! የኛ ነው!"

አብሮን የሚሠራው ኃይለመስቀል በአማርኛ፣ "አሜሪካንም እኛ ነን ስም ያወጣንላት በላቸው እንግዲህ!" ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም...

ሐሙስ፣ ጁን 5

ጉድ ፈላ! ቅዳሜ የሚስ አርሊን ዘመዶች በሙሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ፓርክ ይገናኛሉ፤ በየዓመቱ ነው። "የአያቴ ቃል ከኢትዮጵያ እንደመጣ ተነስቼ እናገራለሁ" አሉኝ። "ከየት እንደመጣን የሚነግረን ሰው አጥተን ስንኖር..." እጄን ያዙኝ።

ቀልዴን ነው ልል አፌን ከፈትኩ። "እንዴታ!" የሚል ወጣ።

ዓርብ፣ ጁን 6

ከሥራ መልስ ላይብረሪ። አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ሰጡኝ። አራት መስመር ለማንበብ ሃያ ደቂቃ! ባለ ሰርተፊኬቱ... ከኮንጎ ቋንቋ፣ "ንጉባ" ከሚለው፣ ይላል። ግዕዝ የሚል የለም። ደግሜ አየሁ። የለም።

ባሪያ ተደርገው በሰንሰለት የመጡ ሰዎች አፋቸው ላይ ይዘው የተሻገሩት ቃል። እኔ ቀለድኩበት?

ኮፒ አደረግኩት። መኪና ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። "ሚስ አርሊን፣ ዋሽቼዎታለሁ።"

"ጉበር ከግዕዝ አይደለም" አልኳቸው።

"እና የማን ነው?"

"የኮንጎ።"

"ኮንጎ..." አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ፣ "ነገ መጥተህ ከወረቀቱ ታነብልናለህ። አፍህን ሁለተኛ አላምንም።"

ቅዳሜ፣ ጁን 7

መቶ የሚሆን ቢጫ ቲሸርት። ለእኔም ሰጡኝ፣ ጠበበኝ። መጀመሪያ ውሸቴን ተናገርኩ፤ ሳቁብኝ፣ ይገባኛል። ከዚያ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። "ንጉባ" አልኩ።

የሚስ አርሊን ታላቅ ወንድም፣ "ድገመው እስቲ" አሉ።

ደገምኩት። አብረውኝ አሉት።

ሰኞ፣ ጁን 9

ሚስ አርሊን ዛሬም ጉበር አመጡ። ለእኔ ለብቻዬ በላስቲክ ቋጥረው።

ኃይለመስቀል ሰማያዊውን የዕቃ ሳጥን ተሸክሞ መጣ። "ፕሮፌሰር! ይሄ ቶት የሚሉት፣ ቃሉ ከየት ነው የመጣው?"

"አላውቅም።"

ሳጥኑን መሬት አስቀመጠው። "አሞሃል?"