ከብርድ ልብሳችን በረዶ የሠሩልን ኡስታድ ኢናያት ማሲህ

ኡስታድ ኢናያት ማሲህ ከአባታቸው ከቡታ ማሲህና ከእናታቸው ከሳርዳራን ቢቢ፣ በፓኪስታን፣ በሲያልኮት ከተማ አጠገብ በምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 1951 ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አምስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የአባታቸውን ደጋን ይዘው ጥጥ ነዳፊ ሆኑ፤ “ኡስታድ” የሚለው የባለሙያ መጠሪያም የመጣላቸው ከዚሁ ሥራ ነው። ያን ጊዜ ደጋኑ ከቁመታቸው ይበልጥ እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

በ1971 የብርድ ወራት፣ ሙሪ ተራራ ላይ በሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ፍራሽ ሲሞሉ ቆዩ። በረዶ ሲወርድ ያዩት እዚያ ነው። ከመንደራችን ሰው በረዶን በዓይኑ ያየ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ በዚህ ነገር የሚከራከራቸው አልተገኘም።

በ1974 ከወይዘሮ ሹጉፍታ ቢቢ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ዩኒስን፣ ራሔልንና ሳሙኤልን ወለዱ። ወደዚህ መንደር መጥተውም ከቤተ ክርስቲያናችን በር ፊት ለፊት በጥጥ የሚሞላ የብርድ ልብስ ሱቃቸውን ከፈቱ።

በ1985፣ በቤተ ክርስቲያናችን የጌታን ልደት በምናሳይበት የገና መድረክ ላይ በረዶው የሩዝ ፈንዲሻ ነበር። ድንቢጦች በመስኮት ገብተው በስብከቱ መካከል ለቅመው ጨረሱት። በዓመቱ ፓስተር ሙኒር “ዘንድሮስ የማይበላ በረዶ አምጡልኝ” ብለው ሥራውን ለኡስታድ ኢናያት ሰጡ።

ኡስታድ ከቀርከሃና ከጆንያ ተራራ አቆሙ። ተራራውን የሚያለብሰው ጥጥ ግን ከአንድ ሱቅ አቅም በላይ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የአንድ ብርድ ልብስ ጥጥ እስከ ገና ማግስት እንዲያበድራቸው ጠየቁ። ወሩ ጉም ከመሬት የማይነሣበት ወር ነው። በጥጥ ለቀማ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉት ማሲ ጂዋን፣ ለመንደሩ ሁሉ “ማሲ”፣ ማለትም አክስት የሆኑት፣ በሱቁ በር ላይ ቆመው፣

“ኢናያት፣ ጤና የለህም? በረዶ ልታሳየን ብለህ በብርድ ልትፈጀን ነው?” አሉ።

“ማሲ፣ አሥር ቀን ብቻ ይታገሡኝ። በሚዛን ተቀብዬ በሚዛን እመልሳለሁ። አንዲት እፍኝ ብትጎድል ደጋኔን ይስበሩት።”

ሰው እያጉረመረመም ቢሆን ሰጠ። ኡስታድ “በረዶ አይንጠለጠልም፤ ይተኛል” እያሉ ጥጡን በጣታቸው ሲያስተኙት ሰነበቱ። የገና ዕለት የቤተ ክርስቲያኑን በር የከፈተ ሁሉ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ታዲያ አንድ ነገር ዘንግተው ነበር። ተራራው አንድ ወጥ እንዲሆን የሁሉንም ጥጥ አንድ ላይ ነድፈውታል። በማግስቱ ሰው ባዶ ጨርቁን ይዞ ሲመጣ ሚዛኑ ልክ ሆነ፤ የማን ጥጥ የማን እንደሆነ ግን ፈጣሪ ብቻ ያውቃል። የማሲ ጂዋን ልጅ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

“የእኔ ጥጥ በእጄ ለቅሜ ለልጄ ሠርግ ያስቀመጥኩት ነው!” ብለው ጮኹ። “የየሰካራሙን ጥጥ ልታለብሳት ነው?”

ኡስታድም ቤታቸው ገብተው የራሳቸውን የሠርግ ብርድ ልብስ ተረተሩና ጥጡን ለሙሽራዋ ሰጡ። ወይዘሮ ሹጉፍታ “የዩኒስ አባት፣ በረዶ ሠሪው እርስዎ፣ የሚበርደን እኛ!” ቢሉም፣ መተርተሪያውን ምላጭ ያቀበሉት እሳቸው ነበሩ።

በሚቀጥለው ዲሴምበር ማንም ጥጥ አያመጣም ብለን ስናስብ፣ ከሁሉ ቀድመው ተሸክመው የመጡት ማሲ ጂዋን ሆኑ። “ቀላቅለው” አሉ። “መንደሩ ሁሉ በእኔ ጥጥ ውስጥ ከተኛ በኋላ ማን አፍ አውጥቶ ያማኛል?” ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጥጣችን ተቀላቅሎ ተራራ ሲሆን፣ ተቀላቅሎ ወደየቤቱ ሲመለስ ኖሯል። የኡስታድ ሚዛን አንድም ዓመት ጎድሎ አያውቅም።

በ2015 የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ስለጎዳው ሐኪሞች ደጋን እንዳይነኩ ከለከሏቸው። እሳቸውም መንደፉን ለልጃቸው ለወይዘሮ ራሔል አስረከቡ፤ ማስተኛቱን ግን ለማንም አልሰጡም። ዘንድሮም እንደ ልማዳቸው ጀምረውት፣ የተራራው ግራ ጎን ሳይለብስ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 2019 በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ሽማግሌዎች ለቀብሩ ሲባል መድረኩ ይፍረስ ወይስ ይቆይ እያሉ ሲመክሩ፣ ማሲ ጂዋን በከዘራቸው ወለሉን መቱ። “በረዶውን ግማሽ ትታችሁ ልትቀብሩት? ተነሥቶ ይሰድባችኋል!” አሉ። ትናንት ወይዘሮ ራሔል ደጋኑን አነሡ፤ እኛም ጥጡን እንዳስተማሩን አስተኛነው። ከሣጥኑ በስተኋላ የምታዩት ተራራ ዛሬ ሙሉ ነው።

ኡስታድ ኢናያት ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተውልን ሄደዋል።

በሣጥኑ ውስጥ ከበታቻቸው የተነጠፈው ጥጥ ከየቤቱ ድርሻ አንድ አንድ እፍኝ የተወሰደ ነው። ስለዚህ በገና ማግስት ጥጣችሁን ስትረከቡ ሚዛኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ይጎድላል። የጎደለችው እፍኝ እሳቸው ዘንድ ናት። ማሲ ጂዋንም ደጋኑን አልሰብርም ብለዋል።

ጌታ ነፍሳቸውን ብርድ በሌለበት ያሳርፍልን። አሜን።