ለሞተር ሜዳ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰኞ

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ደግሞ አልጸጸትም።

ጓደኛዬ ከድጃ ጄኔቭ ቁጭ ብላ፣ ዙሪክ አጠገብ ሽሊረን ያለሁትን እኔን «ዘንድሮ የፈረንሳዩ ሜዳ ነው፣ አለቀ» ትለኛለች። አለቀ? ማን ነው የጨረሰው? ሞተር አብረን መንዳት ከጀመርን ጀምሮ ሜዳ የምንመርጠው ተማክረን ነው። በዓመት አንዴ ነው እንዲህ ያለ ቀን ያለን። ቀሪውን ጊዜ እሷ አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፣ እኔ ዙሪክ ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ። እሱም መንዳት ከተባለ። በየመብራቱ መንፏቀቅ ነው።

ይሄ አገር ለእኛ የሚሆን ሜዳ የለውም። ተራራ አለው፣ ሐይቅ አለው፣ ገንዘብ አለው፤ ሞተር እንደ ልብ የሚለቀቅበት አስፋልት ግን የለውም። መንገድ ላይ ትንሽ ከፈጠንሽ የቅጣቱ ደብዳቤ ቀድሞሽ ቤት ይገባል። ስለዚህ ሞተሮቻችንን ተጎታች ላይ ጭነን ድንበር እንሻገራለን። እዚያ ከፍለን እንገባለን፣ ያለ መኪና፣ ያለ ፖሊስ፣ ያለ መብራት ስንዞር እንውላለን። ውድድር አይደለም። ማንም ማንንም አያሸንፍም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ውጭ ሰው የሆንኩ አይመስለኝም።

ምርጫዎቹ እነዚህ ናቸው።

የጀርመኑ፦ ለዙሪክ ይቀርባል። ለጥ ያለ፣ ሰፊ። እኔ የምፈልገው።

የፈረንሳዩ፦ ለጄኔቭ ይቀርባል። ኮረብታ ላይ ስለሆነ አቀበት ቁልቁለት ይበዛዋል። ቁልቁል እየወረደ ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ አለው።

የጣሊያኑ፦ ሩቅ። በዚህ ሙቀት የቆዳ ልብስ ለብሶ መቀቀል ነው።

አምና የወደቅሁት እዚያ የፈረንሳዩ ኩርባ ላይ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ታጥፌ ሳለሁ ፍሬን ያዝኩ። የትከሻዬ አጥንት ተሰበረ፣ ዳነ። ከምርጫው ጋር ምንም አያገናኘውም። ለከድጃም ይህንኑ ደጋግሜ ነገርኳት።

ቀኑን የሚያዘጋጀው የሞተር ክለብ ምዝገባውን እሑድ ማታ ይዘጋል፤ የሁሉንም ሜዳ። ካመለጠን ዘንድሮ እንዲሁ አለፈ ማለት ነው።

ማክሰኞ

አንድ ተሳፋሪ ዘግይተሻል ብሎ የእጅ ሰዓቱን አሳየኝ። ፈገግ አልኩለት። የሥራው ግዴታ ነው።

ማታ ባሌ መስፍን ከረገንስዶርፍ፣ ከሥራው ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ «ለምን የጣሊያኑን አትሞክሩም?» አለኝ። ይሄ ሰውዬ በሕይወቱ ሞተር ነድቶ አያውቅም። ከኋላዬ ሲቀመጥ እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሄደው። እሱም በተራው ሜዳ መራጭ ሆነ!

ከድጃ የድምፅ መልእክት ላከች። «ሒሩትዬ፣ የጀርመኑን የወደድሽው ለጥ ያለ ስለሆነ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።» ከዚያ ሳቀች። መልእክቱን ሁለቴ ሰማሁት። ያቃጠለኝ ተረቱ አይደለም፣ ሳቁ ነው። አልመለስኩላትም። ነገም አልመልስላትም።

በአሥራ አንድ ዓመት እበልጣታለሁ። ክላች አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን እኔን ልታስተምረኝ!

ረቡዕ

ዕረፍቴ ነበር። ጾሙም ቁጣውም ተደራርቦብኝ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ምድር ቤት ወርጄ የሞተሩን ሸራ ገለጥኩ። አቧራ ጠጥቷል። ቁልፉን አዞርኩ፤ በመጀመሪያው ተነሣ። ጎበዝ የኔ ልጅ አልኩት። የሳምንቱ ብቸኛ መልካም ዜና ይሄ ነው።

ወደ ኡስተር ከተማ ሄድኩ። ሜዳ ሜዳውን ስሄድ ምንም አልሆንኩም። ስመለስ በጫካው በኩል መጣሁ፤ እዚያ ቁልቁል ወደ ግራ የሚታጠፍ ቦታ አለ። ያን ያህል አያስፈራም፤ አውቶቡስ እንኳ ያልፈዋል። እጄ ግን ፍሬኑን ያዘ። እኔ አይደለሁም ያዝኩት፣ እጄ ነው። እየተጎተትኩ ስወርድ አንድ ብስክሌተኛ ቀደመኝ። ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ፣ በጠባብ ቁምጣ። ሲያልፈኝ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አለኝ።

ይሄን ለማንም አልናገርም። ብስክሌት!

መስፍን «እንዴት ነበር?» ሲለኝ ጥሩ ነበር አልኩት። አየኝና ሳህን ማጠቡን ቀጠለ። ይሄ አመሉ ደግሞ ደሜን ያፈላዋል።

ሐሙስ

ጉድ ነው። መስፍን በረንዳ ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስልክ ሲያወራ ደረስኩበት። «አዎ ጋሽ ታደሰ፣ ቅዳሜ ይሻላል። እሷም ትመጣለች።» ማናት እሷ? አፋጠጥኩት፣ አወጣው።

ሽማግሌ ልኮብኛል! ሽማግሌ! በእኔና በከድጃ መካከል!

«ለአንድ የሞተር ሜዳ?» አልኩት። ሰኞ ስልክ ስዘጋባት ቆሞ አይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቶ ይገላበጣል፤ ነገሩ ከሜዳ ያለፈ መስሎት ኖሯል። አገሩን ለቆ ይሄን ያህል ዓመት ኖረ፣ የኢንሹራንስ ውል በጀርመንኛ ያነባል፣ ሁለት ሴቶች ሲኮራረፉ ግን የሚታየው ሽማግሌ ብቻ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

ጋሽ ታደሰ ኡስተር ነው የሚኖሩት፣ ጡረተኛ ናቸው፣ ያጋቡን እሳቸው ናቸው። በከድጃ በኩል ደግሞ ከጄኔቭ ጋሽ ኑሪ ይመጣሉ፤ እንደ አባቷ የምታያቸው ናቸው። ያንን ሁሉ መንገድ በባቡር! እምቢ እንዳልል ሁለቱንም አከብራቸዋለሁ። መስፍንም ይህን ስለሚያውቅ ነው። ተንኮለኛ።

ዓርብ

ከሥራ መልስ ቤት አጸዳሁ። እየተሳደብኩ አጸዳሁ። ሽሮ፣ አልጫ፣ ለጋሽ ኑሪና ለከድጃ ከሐላል ቤት ሥጋ። ልትከሰስ የምትጠብቅ ሰው ለዳኞቿ ወጥ ስትሠራ አያችሁ?

የምነግራቸውን በልቤ አዘጋጀሁ። አንደኛ፣ ማማከር ነበረባት። ሁለተኛ፣ «አለቀ» ማለት አልነበረባትም። ሦስተኛ፣ ተራው የዙሪክ ነው፤ አምና የሷን መርጠናል። ስለ ኩርባው ቢጠይቁኝም አላነሳም። ምን ሊሉኝ ነው?

ምዝገባው ሁለት ቀን ቀረው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን። ቢሆንብንም የሷ ጥፋት ነው።

ቅዳሜ

ገቡ። ሁለቱም ሽማግሌዎች በሩ ሥር ቆመው አንቀመጥም አሉ። ደንቡ ነው፣ አውቃለሁ፤ ጉዳያቸው እሺ ሳይባል አይቀመጡም፣ እህል አይቀምሱም። ግን የጋሽ ታደሰ ጉልበት በሽተኛ ነው፤ የእኛ ሕንጻ ሊፍት ደግሞ ተበላሽቷል። ላባቸውን እየጠረጉ «እሺ ካላልሽ ቆመን እንውላለን ልጄ» አሉኝ። ይሄ ማስገደድ ካልሆነ ምንድን ነው? «እሺ፣ ይቀመጡልኝ ጋሼ» አልኩ። ገና ሳይጀመር አንድ ለባዶ።

ከድጃ ሻሿን ወደ ፊት ስባ ከጥግ ተቀመጠች። አላየኋትም። ማለቴ፣ አይቻታለሁ፤ ከስታለች።

ጋሽ ኑሪ ጀመሩ። ጥሉ በምንድን ነው፣ በገንዘብ ነው ወይስ በሰው ወሬ? ከድጃ «በሜዳ ነው» አለች። ጋሽ ታደሰ ወደ መስፍን ዞረው «የመሬት ክርክር መሆኑን አስቀድመህ አትነግረኝም?» ብለው ተቆጡ። ማስረዳት የእኔ ዕጣ ሆነ። እንዴት እንደምንዞር ነገርኳቸው።

«ዞራችሁ ዞራችሁ የት ትደርሳላችሁ?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«የተነሣንበት፣ ጋሼ።»

«ከፍላችሁ?»

«አዎ።»

ተያዩ። ጋሽ ኑሪ ቀስ ብለው «ሱብሐነላህ» አሉ። መስፍን መሬት መሬቱን ያያል፤ ሳቁን እየዋጠ መሆኑን ከጆሮው መቅላት አወቅሁ።

ሦስቱን ነጥቤን ተናገርኩ። አሳምሬ ነው የተናገርኩት። ጋሽ ታደሰ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ ተራው የሷ ሆነ።

«እኔ የፈረንሳዩን አልወደውም» አለች። «አቀበቱ ያደክመኛል። ግን አምና ስትወድቅ ከሜዳው ዳር ወዳለው ጠጠር የሮጥኩት እኔ ነኝ። ዓይኗን ገልጣ "ሞተሩ ደህና ነው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ሞተሩን ሸራ አልብሳዋለች። የጀርመኑን ሄዳ ለጥ ባለው ዞራ ትመለሳለች፤ ለከርሞ ሥራ በዛብኝ ትላለች፤ ከዚያ ትሸጠዋለች። የፈረንሳዩን ያልኩት ያቺን ኩርባ አልፋ መንዳቷን እንድትቀጥል ነው። ብቻዬን ልነዳ ነው? እዚህ አገር ከሷ ሌላ ማን አለኝ?»

ድምፅዋ እዚያ ላይ ተሰበረ። እኔ ግን ለዚያ ጊዜ አልነበረኝም። ብድግ ብዬ «በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?» አልኩ። ሽማግሌ ፊት አይጮህም። እኔ ጮህኩ። አስተምሬሽ፣ አቅፌሽ፣ ፈሪ ትይኛለሽ አልኳት። እሷ «ፈሪ አላልኩም» ትላለች፣ እኔ አልሰማም። ከዚያ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ «አዎ፣ ፈርቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ያቺ ኩርባ በሕልሜ ትመጣለች! አውቶቡስ እየነዳሁ ትመጣለች! ረቡዕ ዕለት ብስክሌት ቀደመኝ፣ ብስክሌት! ተደሰታችሁ?»

ከታች ቤት የሕፃን ልቅሶ ይሰማ ነበር። መስፍን የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ተቀመጥኩ።

ጋሽ ታደሰ አልተቆጡኝም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አሉ። «ኩርባው ሌላ፣ ይቺ ልጅ ሌላ። እሷ ምን አደረገችሽ?»

ሁለቱ በረንዳ ወጥተው መከሩ። ተመለሱና ፈረዱ። ከድጃ ብቻዋን ወስና «አለቀ» በማለቷ አጥፍታለች። እኔ ስልክ በመዝጋቴ አጥፍቻለሁ። የፈራ ሰው አይገደድም፤ ስለዚህ ምርጫው የእኔ ነው። ለዕርቁ ዋስ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ዋስ ከሩቅ አይሆንምና የመረጥነው ሜዳ ድረስ መጥተው በዓይናቸው ያያሉ።

ተሳሳምን። ትከሻዬን ስትነካ ተጠንቅቃ ነው፤ የተሰበረውን። በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁን። ጋሽ ኑሪ ሥጋውን አመሰገኑ።

እንግዲህ የጀርመኑ ነው። አሸነፍኩ። አንጀቴ ግን አልራሰም። ማን ላይ እንደምቆጣ ሁሉ ጠፋኝ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ሞተሩን አውጥቼ ወደ ጫካው ሄድኩ። ያንን ቁልቁለት አራቴ ወረድኩት። ሦስቱን ጊዜ እጄ ፍሬን ያዘ፤ ሰደብኩት። በአራተኛው ከመታጠፌ በፊት ፍጥነቴን ቀነስኩ፣ ከዚያ ፍሬኑን ለቀቅሁት። ቆንጆ አልነበረም። ግን ለቀቅሁት። ሄልሜቴ ውስጥ እንደ እብድ ጮህኩ።

ቤት ገብቼ እጄን ሳልታጠብ ለሁለታችን የፈረንሳዩን መዘገብኩ። ሐሳቤን እንዳልቀይር ቶሎ ከፈልኩ። ከፍለው መሰረዝ የለም፤ የክለቡ ሕግ ነው። ከዚያ ለከድጃ ደወልኩ።

«መዘገብኩሽ» አልኳት። «የፈረንሳዩን።»

እልል ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ፈነዳች። «አንቺ ሴትዮ! እኔ ትናንት ባቡር ላይ ሆኜ የጀርመኑን ለሁለታችን መዝግቤያለሁ! ከፍያለሁ!»

«ማን አድርጊ አለሽ? ምርጫው የኔ ነው ተብሎ ተፈርዶ የለም?»

«የመረጥሽው እሱን መስሎኝ ነዋ! ይቅርታ መጠየቄ ነበር!»

እንደገና ተጣላን። በእውነት ተጣላን። አንቺ ነሽ፣ አንቺ ነሽ ተባባልን፤ ጎረቤት ግድግዳ መታ። እሷ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ብላ ተሳደበች፣ እኔ በጀርመንኛ መለስኩላት። መሐል ላይ «ጋሽ ኑሪን እንደገና ባቡር ላሳፍራቸው?» ስትለኝ ሁለታችንም ሳቅ ያዘን። ይሄን ሳቋን ከማክሰኞ ጀምሮ ስጠላው ነበር የከረምኩት።

ስለዚህ ሁለቱም። መጀመሪያ የጀርመኑ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የፈረንሳዩ። በዓመት አንዴ ነበር ያልኩት? ዘንድሮ በሽሮ እንኖራለን።

ጋሽ ታደሰ ውሳኔያችንን ሊሰሙ ደወሉ። ነገርኳቸው። «ሁለቱም ቦታ ነው የምመጣው?» አሉኝ። ዋስ ከሩቅ አይሆንም ብለው የለ፣ አልኳቸው። «ወንበር አለ ወይ?» አሉ። ይዤልዎ እመጣለሁ አልኩ።

አመሻሹ ላይ የቆዳ ልብሴን ከቁም ሳጥን አወጣሁት። ትከሻው ላይ የአምናው ጭረት እንዳለ ነው። ለበስኩት። ዚፑ ሆዴ ላይ እምቢ አለኝ፤ ብጎትት፣ ብራገም። መስፍን መጥቶ ትንፋሽሽን ያዢ አለኝና እስከ አንገቴ ዘጋልኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ ትቶ ቆመ።

«የፈረንሳዩ ላይ እኔም ልምጣ?» አለኝ።

«ምን ልታደርግ? ዓይንህን ጨፍነህ ልትውል?»

«ቀኑን ሙሉ አልጨፍንም። ያቺን ኩርባ ስታልፊ ብቻ ነው።»

«እኔም» አልኩት።