ለሕፃናቱ የለካኸው ጨረር

ታደለዬ፣ የልጆቼ አባት፤

ከተለየኸን ሦስተኛ ዓመታችንን ያዝን። እኔ ደህና ነኝ፤ ያው አሁንም አንተ ታነሳበት የነበረውን የሆስፒታሉን ራጅ ክፍል አጸዳለሁ። ትንሿ ልጃችን በቁመት በለጠችኝ ብልህ ታምናለህ? ዲላም ያው ናት፤ ባጃጁ ብቻ መንገድ አላሳልፍ አለን። የጓሮውን በር እስካሁን አላሠራሁትም፤ እንዳትቆጣኝ።

አሁን ወደ ምሥራቹ ልግባ፦ አሸነፍክ!

ያቺን ከአባትህ መንደር ከኮንጋ ያመጣሃትን፣ እሸት ቡና ይመዝኑባት የነበረችውን ሚዛን ታስታውሳታለህ አይደል? ራጅ ክፍሉ በር ላይ ሰቅለህ ሕፃናቱን በእናታቸው ነጠላ እያሰርክ ስትመዝን ያልሳቀ አልነበረም። አንተ ኪሎውን ሳላውቅ ጨረር አልለቅበትም ትላለህ፤ ባልደረባህ ልጁን ለቡና ነጋዴ ልትሸጠው ነው ወይ እያለ ያስቃል። እኔም አብሬ ስቄብሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ካረፍክ በኋላ ሚዛኗ ወረደች። ለትልቅ ሰው በተስተካከለው ማሽን ሕፃኑም ራጅ ይነሳ ጀመር።

ዘንድሮ ታዲያ ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች መጡ። ጥፍር የምታክል የጨረር መለኪያ በታካሚው ቆዳ ላይ እየለጠፉ ለሳምንታት ለኩ። ሕፃናቱ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ጨረር እየወሰዱ ነበር ለካ! ለየኪሎው ስንት እንደሚበቃ ሲመካከሩ ሰማሁና መጥረጊያዬን ጥዬ ቤት በረርኩ። ደብተርህን አመጣሁላቸው። የያንዳንዱ ልጅ ኪሎ፣ የለቀቅከው መጠን፣ ራጁ መጥራት አለመጥራቱ፣ ሁሉም በዚያ በጠማማው ጽሑፍህ። ባንተ መጠን አንስተው ለኩት። ጨረሩ በጣም ወርዶ፣ ሳንባው ግን ቁልጭ ብሎ ታየ! እልል ልል ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩት።

ያ ሳቂ ባልደረባህ ዛሬ ኃላፊ ነው። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነስቶ፣ ታደለ ልክ ነበር፣ ጥፋቱ የእኛ ነው አለ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔ አለቀስኩ። አሁን ያንተ መጠን ተተይቦ ማሽኑ አጠገብ ተለጥፏል።

ትናንት ከፍስሐ ገነት አንዲት እናት የሚያስል ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ አንድ ጊዜ ብቻ ራጅ ተነስቶ ጨረሰ። ፈራ ተባ እያለች ጨረሩ አይጎዳውም ወይ ብትለኝ፣ እንደ ዶክተር ደረቴን ነፍቼ አስረዳኋት፤ ይህን ያስተካከለው ባለቤቴ ታደለ ነው ብዬም ነገርኳት። ነፍሱን ይማር ብላ ልጇን አቅፋ ወጣች። እኔ እዚያ ክፍል እስካለሁ ድረስ፣ ታደለዬ፣ ስምህን ሳትሰማ የምትወጣ እናት አትኖርም።

ሚስትህ