ስላልተቀባው አሥራ አንደኛ መሻገሪያ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመንገድ ምልክትና መስመር ክፍል ኃላፊ
ሁለተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ ያለው ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ልባዊ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የወገብ ሕመምዎ እንደተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ባለፈው ቀጠሮ ችሎት ያልቀረቡት በእርሱ ምክንያት መሆኑን የመሥሪያ ቤታችን ነገረ ፈጅ ሲያስረዱ ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ። እኔን ከጠየቁኝ አለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡና ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ስለሚባል ብቻ ያደረግሁት ነው።

እርስዎ ያውቁኛል፤ ሌላው አንባቢ እንዲያውቀኝ ያህል ግን፣ በክፍልዎ ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመንገድ መስመር ቀቢ ሆኜ አገልግያለሁ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ትሰፋ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ተኩሳ ያጣጠፈቻቸውን ሃያ ሁለት ቀሚሶች ታቅፋ በትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ስትሻገር፣ አንድ አዛውንት ባለታክሲ ቆመው ቅድሚያ ሰጧት፤ ከኋላቸው የመጣው የቤት መኪና ሹፌር ግን ታክሲው ለምን እንደቆመ ለማሰብ ጊዜ ስላልነበረው ደርቦ አለፈና ገጫት። በአራተኛው ቀን አረፈች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ተራ ቁጥር የሌለው ጽሑፍ እንደማያነቡ አውቃለሁና።

አንደኛ፦ ስለ ሥራ ማጠናቀቂያው ቅጽ አመሰግናለሁ። በዚያ ሩብ ዓመት የታቀደው አሥራ አንድ የእግረኛ መሻገሪያ ነበር፤ ቀለሙም ለአሥሩ በቅቶ ግማሽ ባልዲ ተረፈ። ያንን ግማሽ ባልዲ ለትምህርት ቤቱ መሻገሪያ አስቀምጬው ሳለ፣ በግቢያችን ውስጥ የእርስዎን መኪና ማቆሚያ እንድቀባበት አዘዙኝ፤ እኔም ፊደሎቹን ከካርቶን ቆርጬ «ለኃላፊ ብቻ» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። ከዚያ ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅዎ «ግዴለህም ፈርምበት፤ ቀለም ሲመጣ ትቀባዋለህ፣ ሪፖርቱ ግን ዛሬ መውጣት አለበት» አሉኝ። ፈረምኩ። እጄን ይዞ ያስፈረመኝ ሰው የለም። አሥራ አንድ ከአሥራ አንድ ተሠርቷል ተባለና ክፍላችን በስብሰባ ላይ ተጨበጨበለት፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ባለቤቴ የተገጨችው ይህ ከሆነ በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ሁለተኛ፦ ያንን ወረቀት በጥንቃቄ ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለካ እውነት ነው። ከቀብሩ በኋላ ጠበቃ ለማቆም አቅም ስላልነበረኝ፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄጄ በደረጃው ሥር ካለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት ጠበቃ አገኘሁ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህም በሹፌሩ ላይ የካሳ ክስ መሥርታ፣ እንደ እህት ሆና ጉዳዩን ይዛዋለች። የሹፌሩ ጠበቃ ግን «በቦታው መሻገሪያ የለም፤ ሟች ያለቦታዋ ነው የገባችው፤ ጥፋቱ የራሷ ነው» ብለው ተከራከሩ። ጠበቃዬ እርስዎን በጽሑፍ ብትጠይቅ፣ ለእኔ ደብዳቤ ያልተገኘው ጊዜ ለእርሷ ተገኝቶ፣ መሻገሪያው ተቀብቶ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ በማኅተም አረጋገጡ፤ ቅጹንም አያያዙ። ልጅቷ ደስ ብሏት ወረቀቱን ከፊቴ ዘርግታ «አባባ፣ ጉዳያችን በእግሩ ቆመ» ስትለኝ፣ ከግርጌው ያለው ፊርማ የእኔ መሆኑን ልብ አላለችም። መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አመስግኛት ወጣሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። የሹፌሩ ጠበቃ ፖሊስ በዕለቱ ያነሳቸውን ፎቶዎች አቀረቡ፤ የሚታየው ባዶ አስፋልት ነው፣ በጣም ላስተዋለ ሰው ደግሞ የድሮው ቀለም ርዝራዥ። ፍርድ ቤቱ መስመሩን የቀባው ሠራተኛ ይቅረብ ሲል፣ እርስዎ በችሎቱ ዋዜማ ቢሮዎ ድረስ ጠርተው፣ ወንበር ሰጥተው፣ «ዝናብ አጥቦት ነው በል፤ ለሚስትህም ይበጃታል» ብለው መከሩኝ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አንድ ጠብታ አልዘነበም። ያም ሆኖ፣ ለእርሷ ይበጃታል ስላሉኝ፣ ጢሜን ስላጭ መስተዋት ፊት «ዝናብ አጥቦት ነው» እያልኩ ተለማምጄው ነበር።

እንዳልናገረው ያደረገኝ ነገር እንዲህ ነው። ባለቤቴ በሆስፒታል አንደበቷ ሳይዘጋ፣ ስለ ሕመሟ አንድም ቀን አላወራችኝም፤ የጨነቃት ሰው አጠፋች እንዳይላት ነበር። «መስመሩ ላይ እኮ ነው የተሻገርኩት፤ ንገራቸው እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዓመታት በፊት እዚያ ቦታ ላይ ዜብራ የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ቀለሙ ቢጠፋም እግሯ ቦታውን አይስተውም ነበር። እኔ ግን አሁን የራሴን ውሸት በእርሷ ቀሚስ ልሸፍን ነበር።

ስለዚህ በችሎት ቆሜ፣ መስመር እንዳልነበረ፣ ሳልቀባ እንደፈረምኩ፣ ባለቤቴም መስመሩ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ዝንፍ ሳትል እንደተሻገረች ተናገርኩ። ከእኔ ቀጥለው የመሰከሩት ባለታክሲ፣ የሹፌሩ ጠበቃ «መስመር ከሌለ እርስዎ ምን አይተው ቆሙ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «ሰው አይቼ ነዋ!» ብለው መለሱ። እኚህን ሰው አንድ ቀን ቢያገኟቸው ደስ ይለኛል። ጠበቃዬ ብዕሯን አስቀምጣ በቅጹ ግርጌ ያለውን ፊርማ አየች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃችን ግን ደረጃው ላይ ጠብቃኝ «አባዬ፣ ተቀብቷል አላልከንም ነበር?» አለችኝ። ለእርሷም እንደዋሸኋት እስከዚያች ሰዓት ድረስ ትዝ አላለኝም ነበር።

አራተኛ፦ በማግስቱ ሐሰተኛ ሰነድ በማዘጋጀት ወንጀል ከሥራ ስላገዱኝ አመሰግናለሁ። ክፍላችን በአንድ ቀን ጨርሶ ያወጣው ደብዳቤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አምስተኛ፦ ይህ ምስጋና ከሁሉም ይበልጣል። ጠበቃዬ ምስክርነቴን ይዛ መሥሪያ ቤታችን ከሹፌሩ ጋር ተከሳሽ እንዲሆን ስታስደርግ፣ እርስዎ በሰጡት የመከላከያ መልስ አራተኛው አንቀጽ ላይ «ለሟች ሕልፈት ምክንያት የሆነው የባለቤቷ ቸልተኝነት ነው» የሚል ሰፍሯል። ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ጠበቃዬ ወረቀቱን ከእጄ ልትቀማኝ ሞከረች፤ እኔ ግን ደግሜ አነበብኩት። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፣ አልሆነልኝም፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ለቅሶ የደረሰኝ ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናህ፣ የእሷ ቀን ደርሶ ነው» ሲለኝ፣ የማውቀውን የሚነግረኝ አንድ ሰው አጥቼ ነበር። እርስዎ በማኅተም ነገሩኝ። ልቤ ተሰብሯል ክቡር ሆይ፤ ይህን ለመጻፍ ተራ ቁጥር አያስፈልግም።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ሹፌሩ ቅድሚያ ባለመስጠቱ በሕግ ይጠየቃል። እኔ በፊርማዬ የሚመጣብኝን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ይህ ደብዳቤም እንደ እምነት ቃል ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ለጠበቃዬ ሰጥቻታለሁ። የሹፌሩ ጠበቃ ግን እስከ ዛሬ የሚከራከሩት «ሟች ያለቦታዋ ገብታ» የሚል ቃል በፍርዱ ላይ እንዲጻፍ ነው፤ እኔ ደግሞ የቀረችኝ ነገር ቢኖር ያ ቃል በእርሷ ላይ እንዳይጻፍ ማድረግ ነው። ጠበቃዬ እንደምትለው፣ እርስዎ ቀርበው «ቦታው መሻገሪያ ነው፤ በእቅዳችን ውስጥ ነበር፤ ሳይቀባ ፈርም ያልኩት እኔ ነኝ» ቢሉ ያ ክርክር ይወድቃል። ከግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ወገብዎ ካመመዎት ተቀምጠው እንዲናገሩ ፍርድ ቤቱ ይፈቅድልዎታል።

ለሰጡኝ ትምህርት ሁሉ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ በተለይም የጀርባ ጽናት እመኝልዎታለሁ።

ትእዛዝዎን ሳያጎድል የፈጸመው፣
የታገደው መስመር ቀቢ፣
የልብስ ሰፊዋ ባል

ግልባጭ፦
– ለነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሮ
– ለሹፌሩ ጠበቃ፣ ፎቶዎቹን ስላቀረቡ ከምስጋና ጋር
– ለልጄ

ማስታወሻ፦ ዳኞቹ ቦታውን መጥተው ሊያዩ መሆኑ በተሰማ በማግስቱ፣ ሁለት የክፍላችን ሠራተኞች የትምህርት ቤቱን መሻገሪያ ቀቡት። ከማዶ ቆሜ አየኋቸው፤ መጥረጉም፣ ገመድ መወጠሩም፣ መቀባቱም ተደምሮ አርባ ደቂቃ ፈጀ። እጃቸው ጥሩ ነው። እባክዎን ቅጹ ላይ ያለፈውን ዓመት ቀን ጽፈው እንዳያስፈርሟቸው፤ ገና ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም በቅርቡ ነው ያገቡት።